የቀበሌው አፀደ ሕፃናትና ዜሮ ክፍል፦ ስናነጻጽር የምንረሳው ታሪክ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የሰሜን ሸዋ ከተማ፣ በአንድ ቀበሌ የሚገኙ ሁለት የሕዝብ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶችን ለማነጻጸር ሄጄ ነበር። አንደኛው ራሱን የቻለ አፀደ ሕፃናት ነው፤ አጥር አለው፣ ዥዋዥዌ አለው፣ ወላጆችም በየወሩ ይከፍላሉ። ሁለተኛው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ የተከፈተ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ዜሮ ክፍል ነው፤ ሕፃናቱ ለትልልቅ ልጆች በተሠራ ወንበር ላይ እግራቸው ተንጠልጥሎ ይቀመጣሉ። እኔም በመመዘኛ ቅጼ መሠረት ለፊተኛው ከፍተኛ፣ ለኋለኛው ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቼ ተመለስሁ። ዛሬ የምናገረው ያ ፍርዴ ለምን ጎደሎ እንደ ነበረ ነው።

ሁለቱ ተቋማት የአንድ ዘመን ልጆች አይደሉም። ፊተኛው የደርግ ዘመን ውርስ ነው፤ ያን ጊዜ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌያቸው አፀደ ሕፃናት ያቋቁሙ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለዘርፉ እውቅና ቢሰጥም፣ ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለማኅበረሰቡ ተተወ። እንዲህ ያለው አፀደ ሕፃናትም በወላጆች ኪስ ላይ ተደገፈ። ዜሮ ክፍል ግን የተስፋፋው ከ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ በኋላ ነው፤ መክፈል ለማይችለው ቤተሰብ ልጅ በር ለመክፈት ታሰበ፤ በብዙ ስፍራ ግን የሠለጠነ መምህርና በቂ በጀት ሳይሟላለት ተጀመረ።

በዚሁ ማዕቀፍ ውስጥ ከፍ ያሉ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የሚያስጠኑበት «ልጅ ለልጅ» የተባለ መርሐ ግብር ይገኛል። የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። እኔም ፊደል ስቆጥር ጣቴን ይዞ በገበታው ላይ የመራኝ ዳዊት የደገመ ልጅ ነበር። ሆኖም ያ ልጅ የየኔታ አጋዥ እንጂ ምትክ አልነበረም፤ ሲሳሳት የሚያርሙት እሳቸው ነበሩ። መምህር በሌለበት ክፍል ልጅን በልጅ ማስተማር ግን ውርስን መቀጠል ሳይሆን ጉድለትን መሸፈን ነው።

በዚያ ዜሮ ክፍል ያየኋት አንዲት ሕፃን ከዓመት በፊት በፊተኛው ትምህርት ቤት ነበረች፤ እናቷ ክፍያው ሲያቅታት አስወጣቻት። በቅጼ ላይ ይህ የሚመዘገብበት ቦታ አልነበረም። ዥዋዥዌውን ቆጥሬ በሩ ላይ የቀረውን ልጅ ሳልቆጥር ተመለስሁ።

የ2015 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ መደበኛውን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎታል። እንግዲህ ስናነጻጽር ከግቢው ስፋት አስቀድመን የመምህሩን ደመወዝ ማን ይከፍላል፣ ማንስ ከደጅ ይመለሳል ብለን እንጠይቅ። ዜሮ ክፍልን ዝቅተኛ ያደረጉት ሕፃናቱም መምህራኑም አይደሉም፤ በሩን ከፍተን ቤቱን ሳናሟላ የተውነው እኛው ነን።