ዲስክ ጎልፍን ስፖርት ያደረገው አዘጋጁ ነው

ዲስክ እየወረወሩ ዒላማ የሚመቱበት የዲስክ ጎልፍ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ምስጋናው የሚደርሰው ለአንድ ሰው ነው፤ ለአሜሪካው የአሻንጉሊት ኩባንያ ለዋም-ኦ ይሠራ ለነበረው ለኤድ ሄድሪክ። ሄድሪክ ፍሪዝቢ የተባለውን የፕላስቲክ ዲስክ ሳይንገዳገድ እንዲበር አድርጎ አሻሻለው። በ1975 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በኦክ ግሮቭ መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ቀየሰ፤ ቀጥሎም ዒላማ የሚሆነውን ባለሰንሰለት ቅርጫት ፈለሰፈ። ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም ጨዋታውን ወደ ስፖርት ያሸጋገረው ከዕቃው ይልቅ ተጫዋቾችን ከየአገሩ የጠራው፣ ደንብ ያስከበረውና ውጤት የመዘገበው ሰው ነው ብዬ እከራከራለሁ። ይህ ሰው ዛሬ የውድድር ዳይሬክተር ይባላል።

ዲስክ ወርውሮ ዒላማ መምታት ከሄድሪክ በፊትም ነበር። በ1926 በካናዳ ሳስካቸዋን ግዛት፣ ብላድወርዝ በተባለች ትንሽ መንደር፣ ሮናልድ ጊብሰንና የትምህርት ቤት ጓደኞቹ የቆርቆሮ ክዳን እየወረወሩ ይህንኑ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ልጆቹ አድገው ሲበታተኑ ጨዋታውም አብሯቸው ቀረ። በካሊፎርኒያዋ ኒውፖርት ቢች ደግሞ የመዝናኛ ሠራተኛው ኬቪን ዶነሊ ከ1961 ጀምሮ በከተማዋ የልጆች መጫወቻ ሜዳዎች ጨዋታውን አስፋፋ፤ በ1965 ከተማ አቀፍ ውድድር እስከ ማካሄድም ደረሰ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል፤ ውድድርና አዘጋጅ በ1965 ከነበሩ ስፖርቱ ለምን ያኔ አልተወለደም? መልሱ ያ ውድድር ከከተማው ወሰን አለመውጣቱ ነው። በሌላ ቦታ የሚጫወቱትን አልጠራም፤ ስለዚህ እርስ በርስ የሚተዋወቅ የተጫዋች ማኅበረሰብ ሳይፈጥር አለፈ።

ይህን ማኅበረሰብ የፈጠረችው በኒውዮርክ ግዛት የምትገኘው ሮቸስተር ናት። ጂም ፓልሜሪና ጓደኞቹ ከ1970 ጀምሮ በከተማቸው ይጫወቱ ነበር፤ እንደነሱ በቁም ነገር የሚወዳደር ሌላ ሰው በአገሩ ይኑር አይኑር ግን አያውቁም ነበር። ለማወቅ የመረጡት መንገድ በ1974 ለሁሉም ክፍት የሆነ ብሔራዊ ውድድር መጥራት ሆነ። ሽልማቱ አዲስ ዳትሱን መኪና ነበር። ተወዳዳሪዎች ከየግዛቱ መጡ፤ መኪናውን ዳን ሮዲክ ወሰደ። የውድድሩ እውነተኛ ፍሬ የታየው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሮዲክ በቀጣዩ ዓመት በዋም-ኦ የስፖርት ማስፋፊያውን ሥራ ተረከበ፤ በካሊፎርኒያው ሮዝ ቦውል የሚካሄደው የዓለም ፍሪዝቢ ሻምፒዮናም በዚያው በ1975 ጎልፍን ጨመረ። ኦክ ግሮቭም የተከፈተው በዚሁ ዓመት ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ብሔራዊው ውድድር ከመጀመሪያው ቋሚ ሜዳና ከቅርጫቱ ቀድሟል።

ሰዎቹን የሳበው መኪናው እንጂ አዘጋጁ አይደለም የሚል ይኖራል። ሽልማት ሰው እንደሚስብ አልክድም። ነገር ግን ውጤቱ በታማኝነት እንደሚያዝ ያላመነ ሰው ለሽልማት ብሎ ያን ሁሉ መንገድ አይጓዝም። ቅርጫቱስ ቢባል፣ እሱ ራሱ የመጣው ከዳኝነት ችግር ነው። በመጀመሪያ ዒላማው ምሰሶ ስለነበር ዲስኩ ነካ አልነካ የሚል ጭቅጭቅ አይጠፋም ነበር፤ ሰንሰለቱ ዲስኩን ይዞ ሲያስቀር ክርክሩ አበቃ። ሄድሪክም ዕቃ ብቻውን እንደማይበቃ የገባው ይመስለኛል። በ1976 የባለሙያ ዲስክ ጎልፍ ማኅበርን መሠረተ፤ በ1979 ደግሞ የ50,000 ዶላር ውድድር አዘጋጀ። ማኅበሩንም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለተጫዋቾቹ አስረከበ። እኔ ከፈጠራዎቹ ሁሉ በላይ የማከብርለት ይህን ነው።

በዚህ ስፖርት የአዘጋጁ ድርሻ የሚከብድበት ምክንያት ከአጨዋወቱ ይመነጫል። በተለመደው ውድድር እያንዳንዱን ምድብ የሚከተል ዳኛ የለም፤ ተጫዋቾች የራሳቸውንና የባልንጀሮቻቸውን ውጤት ይመዘግባሉ፣ ጥፋትም ሲያዩ ይናገራሉ። በመካከላቸው ያልተፈታው ጉዳይ ወደ ዳይሬክተሩ ይሄዳል። ሜዳ ማስፈቀዱ፣ ምድብ ማውጣቱ፣ ምድቦቹ ከተለያዩ መነሻ ቦታዎች በአንድ ሰዓት እንዲነሡ ማድረጉ፣ ሽልማት ማከፋፈሉ፣ ውጤቱን ለማኅበሩ ማስተላለፉም የእሱ ነው። ብዙዎቹ ይህን የሚሠሩት ሌላ መተዳደሪያ ይዘው፣ በዕረፍት ቀናቸው ነው። ማኅበሩ ዳይሬክተር ለመሆን አባልነትንና የደንብ ፈተና ማለፍን የሚጠይቀውም የውጤቱ ተአማኒነት በዚህ ሰው ላይ ስለሚያርፍ ነው። የስፖርት ታሪክ የምትጽፉ ሁሉ፣ የሄድሪክን ስም ስታነሡ የፓልሜሪንም ስም አብራችሁ አስፍሩ።