ደብዳቤ እንደ ምስክር

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። ደብዳቤም እንደ ብቅል ነው። ሰው ለመንግሥት ሲጽፍ ይጠነቀቃል፤ ለሕዝብ ሲጽፍ ቃሉን ያስጌጣል፤ ለልጁ ወይም ለሚስቱ ሲጽፍ ግን ልቡን ይከፍታል። ስለዚህ የአንድን ዘመን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ዐዋጁንና የጦርነቱን ታሪክ ካነበበ በኋላ፣ ዘመድ ከዘመዱ ጋራ የተጻጻፈውን ቢመረምር ብዙ ይጠቀማል።

በአሜሪካ ደቡብ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ ሊበርቲ በሚባለው አውራጃ ቻርልስ ኮልኮክ ጆንስ የሚባል የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ነበር። የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1804 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ሞንቴቪዴዎ፣ ሜይባንክና አርኬዲያ የተባሉ ሦስት የእርሻ ርስቶች ነበሩት፤ በእነዚህም ላይ ከመቶ የሚበልጡ ባሮች ይሠሩለት ነበር። ሚስቱ ሜሪ ትባላለች። የበኵር ልጁ ቻርልስ በሳቫና ከተማ ጠበቃ፣ ሁለተኛው ጆሴፍ ሐኪም ሆኑ፤ ሴቲቱ ልጁም ቄስ አገባች። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው እጅግ ይዋደዱ ስለ ነበር ሲለያዩ መጻጻፍን አይተዉም። ከ1854 እስከ 1868 ድረስ ከተጻጻፉት ብዙው በሮበርት ማንሰን ማየርስ አዘጋጅነት በ1972 ታተመ፤ መጽሐፉም ከመጽሐፈ ኢዮብ በተወሰደ ቃል «የትዕቢት ልጆች» ተባለ።

አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን ደብዳቤዎች ስታነብ አስቀድሞ የሚታይህ መልካም ነገር ነው። አባት ልጁን ይመክራል፤ እናት ስለ ጤና ትጠይቃለች፤ ልጆች ወላጆቻቸውን ያከብራሉ፤ ስለ ዝናምና ስለ አዝመራ፣ ስለ ጐረቤት ሞትና ስለ ሕፃን መወለድ ይነጋገራሉ፤ የእግዚአብሔርም ስም ከአፋቸው አይለይም። እንዲህ ያለውን ቤት ማን ይነቅፋል?

ነገር ግን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ጆንስ ገና ወጣት ሳለ፣ በ1829ና በ1830 ገደማ በሰሜን አገር በፕሪንስተን ሲማር፣ በኋላ ለሚያገባት ለሜሪ በጻፈው ደብዳቤ ባርነት ፈጽሞ ስሕተት መሆኑን ገልጦ ነበር። እንግዲህ ዕውቀት አልጐደለውም። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ግን መካከለኛ መንገድ ያገኘ መሰለው፤ ባሮቹን ነጻ በማውጣት ፈንታ ወንጌል ሊያስተምራቸው ቈረጠ። በ1834 በጥያቄና በመልስ የተዘጋጀ የሃይማኖት ትምህርት አሳተመላቸው። የጆርጂያ ሕግ ባሪያን ማንበብ ማስተማር ይከለክል ስለ ነበር ትምህርቱ በቃል ብቻ ነበር። በ1842 ደግሞ ስለዚሁ ሥራ መጽሐፍ ጻፈና ስሙ በአገሩ ሁሉ ተጠራ። ድካሙ እውነተኛ ድካም ነበር፤ በፈረስ ከርስት ወደ ርስት እየዞረ ጤናው እስኪታወክ አስተማረ። ግን ያስተማራቸው ሰዎች በማግስቱም የእርሱው ንብረት ነበሩ።

በ1856 ጄን የምትባል ወጣት ባሪያ ጠፍታ ሳቫና ገባች፤ በዚያም ሥራ ይዛ ጥቂት ጊዜ ከተቀመጠች በኋላ ተያዘች። አባትና ልጅ በደብዳቤ ተመካከሩ፤ ጄንን ብቻ ሳይሆን እናቷን ፌቢን፣ የእናቷን ባል ካሺየስንና አብረዋቸው ያሉትን ልጆች ለመሸጥ ተስማሙ። ቤተ ሰቡ በአንድነት ይሸጥ እንጂ አይበተን ብለው ማሰባቸው በጎ አሳብ መሰላቸው። ነገር ግን የፌቢ ሌሎች ልጆች፣ ክላሪሳና ናንሲ፣ እዚያው ቀሩ። የተሸጡትም በ1857 መጀመሪያ ላይ እጅግ ሩቅ ወደ ሆነችው ወደ ባሪያ ገበያዪቱ ከተማ ወደ ኒው ኦርሊንስ ተወሰዱ።

ከእነዚህ ሁሉ ወረቀቶች መካከል አንባቢን የሚያስደነግጠው አንድ አጭር ደብዳቤ ነው። ይኸውም በመጋቢት 1857 ከኒው ኦርሊንስ በፌቢና በካሺየስ ስም ወደ ሊበርቲ የተላከው ነው። ፌቢ ለቀሩት ልጆቿ ሰላምታ ታቀርባለች፤ እኅታቸው ጄን በየካቲት ወር መጀመሪያ መሞቷንም ታረዳቸዋለች። የተሸጥነው በቂም ነው፤ ይሁን እንጂ ለበጎ እንዲሆንልን ተስፋ አለን ትላለች። ሰላምታው የእመቤት ሜሪ ለልጆቿ ከምትጽፈው ሰላምታ በምን ይለያል? በምንም አይለይም። እናት እናት ናት። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፦ የአንዲቱ ልጆች ሲለዩ ለትምህርትና ለሹመት ነው፤ የሁለተኛዪቱ ግን በዋጋ ነው።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በዋዜማው የሳቫና ከንቲባ የነበረው ልጅ ቻርልስ በደቡብ ጦር የመድፈኛ መኰንን ሆነ። ብዙ ባሮች በባሕሩ ዳር ወደ ቆሙት የሰሜን መርከቦች እየሸሹ ይገቡ ጀመር። በሐምሌ 1862 አባትዬው ለልጁ ሲጽፍ፣ እነዚህ የሚሸሹት መንገዱንና ወንዙን የሚያውቁ ከዳተኞች ናቸው አለ፤ በሕግ እንዴት እንደሚቀጡም ጠየቀው። ሠላሳ ዓመት ያህል ወንድሞቼ እያለ ያስተማራቸው ሰዎች ነጻነትን ሲፈልጉ ጠላት መሰሉት። በወጣትነቱ የጻፈውን ያን ደብዳቤ በዚያች ቀን አውጥቶ ቢያነብ ኖሮ ምን ይል ነበር?

ጆንስ በመጋቢት 1863 ሞተ። በታኅሣሥ 1864 የጄኔራል ሸርማን ወታደሮች ሞንቴቪዴዎ ደርሰው ቤቱን በረበሩት፤ መበለቲቱ ሜሪ ያየችውን መከራ በማስታወሻዋ ጻፈች። መከራዋ እውነት ነበር፤ ኀዘኗም ያሳዝናል። በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ተሻረ። አገልጋዮቿ አንዳንዶቹ ሲለዩዋት ውለታ እንደ ዘነጉ ቈጠረችው፤ ለዘመናት ያለ ደመወዝ የሠሩላት ውለታ ግን ትዝ አላላትም። በ1868 ርስቷን ትታ ወደ ልጇ ሄደች። ልጇ የምትኖረው በኒው ኦርሊንስ ነበር፤ ሜሪም በ1869 በዚያው ሞተች። ፌቢ በግድ በተወሰደችበት ከተማ እመቤቷም ስደተኛ ሆና ዐረፈች።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? እነዚህ ሰዎች ጨካኞች ስለ ነበሩ ጨካኝ አንሁን ብለን ብናልፈው ቀላል ነው። ግን ጨካኞች አልነበሩም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ለልጅ መራራት፣ ወላጅን ማክበር፣ አዘውትሮ መጸለይ ሁሉ ነበራቸው፤ ፍቅራቸው ግን ከቤታቸው አጥር አልወጣም። ሕሊና ደግሞ አንድ ጊዜ ተናግሮ ካልተሰማ በሁለተኛው ጊዜ ድምፁ ይቀንሳል፤ በሦስተኛው ዝም ይላል፤ በመጨረሻም ለበደሉ ጠበቃ ይሆናል። ክፉ ሥራን በመልካም ሥራ መሸፈንም ክፉውን አያጠፋውም፤ ዕድሜውን ያረዝምለታል እንጂ።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በወጣትነትህ ስሕተት ነው ብለህ የጻፍኸውን ነገር ዛሬ በእጅህ እየሠራኸው እንደ ሆነ መርምር። በምታገለግልህና በምታገለግለው ሰው ላይ የምትናገረውንም ቃል ጠብቅ። የምትጽፈው ደብዳቤ ካንተ በኋላ ይኖራልና፤ የልጅ ልጆችህም ከፍተው በሚያነቡት ጊዜ አንተ ቆመህ ልታስተባብል አትችልም።