የብርሃን ጉዞ በሚሰፋ ኅዋ ውስጥ
በሚሰፋ ኅዋ ውስጥ የሚጓዝ ብርሃን ሁለት ለውጥ ያገኘዋል፦ መንገዱ ይጎብጣል፣ የሞገዱ ርዝመትም ይለጠጣል።

መጉበጥ፦ በአልበርት አይንስታይን አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ግዝፈት ያለው አካል በዙሪያው ያለውን ኅዋ ስለሚያጎብጥ በአጠገቡ የሚያልፍ ብርሃን ይታጠፋል። የፀሐይን ጠርዝ ታክኮ የሚያልፍ የኮከብ ብርሃን 1.75 የቅስት ሴኮንድ ይታጠፋል (1 ዲግሪ 3600 የቅስት ሴኮንድ ነው)። ይህ መታጠፍ በግንቦት 1911 ዓ.ም. በሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ተለካ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ፣ ሰሜን ወሎ የታየው ግርዶሽ ግን ቀለበታዊ ስለነበር፣ ያልተሸፈነው የፀሐይ ጠርዝ ድምቀት ለእንዲህ ያለ ልኬት አያመችም ነበር።

መለጠጥ፦ ብርሃኑ በጉዞ ላይ ሳለ ኅዋ በእጥፍ ቢሰፋ፣ የሞገዱም ርዝመት በእጥፍ ያድጋል፤ ቀለሙም ወደ ቀይ ያደላል። ስለዚህ የሩቅ ጋላክሲ ብርሃን ምን ያህል እንደተለጠጠ በመለካት፣ ብርሃኑ ከተነሣ ወዲህ ኅዋ ስንት እጥፍ እንደሰፋ ይታወቃል።