ሙጃ ላይ ፓውንድ አልሠራ ያለ ጊዜ

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለሥልጠና ናይሮቢ ሄዶ ደወለልኝ። ከኤቲኤም ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ሲያወጣ የማሽኑ ባለቤት ለራሱ ቆረጠ፣ የራሱም ባንክ ቆረጠ፣ ምንዛሪው ላይም ጎደለ። «ቲቸር፣ ይሄ ዝርፊያ አይደለም እንዴ? ድሮስ መንገደኛ እንዲህ ነበር የሚበላው?» አለኝ። እኔም የታሪክ መምህር ነኝና ሁለተኛዋ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ።

መልሱ ደጃችን ላይ ነው። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒር ጦር ከዙላ ተነስቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት በዚሁ በኛ በሙጃ በኩል አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ነው ወደ ዋድላ የወጣው። 44 ዝሆን ይዟል። (ክፍል ውስጥ ስለ ዝሆኖቹ ስነግራቸው ሁሉም ይነቃል፤ ስለ ገንዘቡ ስጀምር የኋላው ወንበር ይተኛል።)

ያ ሁሉ ሰውና ከብት በየቀኑ ይበላል። ገብስ፣ ሣር፣ ዱቄት ከገበሬው መገዛት አለበት። በጊዜው የእንግሊዝ ፓውንድ የዓለም ገንዘብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እዚህ ተራራ ላይ ግን ማንም አይቀበለውም። የህንዱን ሩፒም እንደዚያው። ገበሬው የሚያውቀው ማርትሬዛን ነው። እሱንም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የዘውዷን ፈርጥና የትከሻዋን ጌጥ አገላብጦ አይቶ፣ የተፋቀ ከሆነ ይመልሳል።

እንግሊዞቹ ይህን አውቀው በሚሊዮን የሚቆጠር ማርትሬዛ ከኦስትሪያ ገዙ፤ ቪየና ላይም አዲስ ተመታላቸው። ንግሥቲቱ በፈረንጆቹ 1780 ሞታለች፤ ብሩ ግን ከ87 ዓመት በኋላም ያው 1780 ተጽፎበት ነው የሚወጣው። ሌላ ዓመተ ምሕረት ያለበትን የኛ ገበያ አይወስድማ! ጣሊያንም ከመውረሩ ጥቂት ወራት በፊት፣ በፈረንጆቹ 1935፣ የዚህን ብር መምቻ ከኦስትሪያ የወሰደው ወዶ አይደለም።

አሁን ኮሚሽኑን አስሉት። አንዱ ብር 28 ግራም ገደማ ነው፤ 1000 ብር 28 ኪሎ መሆኑ ነው። ከአውሮፓ በመርከብ ዙላ ይደርሳል፣ ከዚያ በበቅሎ ጀርባ ዳገት ይወጣል። በቅሎዋ ቀለብ ትፈልጋለች፣ ቀለቡ የሚገዛው በዚያው በምትሸከመው ብር ነው፣ ብሩን ደግሞ ወታደር ይጠብቀዋል። ለዘመቻው መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቦ መጨረሻው ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። ሁሉም የብሩ ጣጣ ነው አልልም፤ መርከብና እንስሳው ይበልጣል። ግን ገንዘብን ወደ ሰው አገር ማድረስም ራሱን የቻለ ጭነት ነበር።

የኛም ሰው ከዚህ አላመለጠም። ማርትሬዛ ለትንሽ ዕቃ ትልቅ ነው፤ ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበር። በፈረንጆቹ 1520 የመጣው፣ ላሊበላንም ያየው ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው ከሚወጣበት ቦታ እየራቀ ሲሄድ እንደሚወደድ ጽፏል። አሞሌ ይዞ ወደ መሐል አገር የሚወርድ ነጋዴ ገንዘቡ በጉዞ ላይ ይወፍርለታል፤ ወደ አፋር አቅጣጫ ይዞ የሚመለስ ይከሳበታል። ምንዛሪ ማለት ይኸው አይደል? ዝናብ ከመታው ደግሞ ይሟሟል። እስካሁን ካርድ ሲሟሟ አላየሁም።

ለልጁ እንዲህ አልኩት። የማሽኑ ባለቤት የሚቆርጠው እንደ በቅሎው ቀለብ ነው፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ካወጣህ በየጊዜው ትከፍላለህ። ማሽኑ «ካርድህ በተመዘገበበት ገንዘብ ላስላልህ?» ብሎ ከጠየቀህ እምቢ በል፤ በሽልንግ ይሁን። እዚያ ላይ የሚሰጡህ ምንዛሪ ብዙ ጊዜ የባሰ ነው። ከመሄድህ በፊትም ባንክህን ስንት እንደሚቆርጥ ጠይቅ። እሱ ግን ሳይጠይቅ ሄዷል፣ እኔም ስሸኘው አላስታወስኩትም።

«ዝርፊያ ነው ወይ?» ላለው መልስ አልሰጠሁትም። በ2014 መጀመሪያ፣ በጦርነቱ ወራት፣ እዚህ ባንክ ተዘግቶ መብራትና ስልክ ጠፍቶ እያለ፣ ደብተሬ ላይ ደሞዜ ተጽፎ ጨው መግዣ አጥቼ ከጎረቤት ተበድሬያለሁ። ያኔ አንድ የሚሠራ ማሽን ባገኝ፣ ሩቡን ቢቆርጥብኝም እጁን እስም ነበር።