ሱቁ ቢለቀቅም ዕቃው የነጋዴው ነው

ሕግ በመማሬ ሰዎች ደጋግመው ከሚያነሡልኝ ጥያቄዎች አንዱ የሱቅ ኪራይ ነው፡፡ ነጋዴው ኪራይ ይወዝፋል፣ ወይም የውሉ ዘመን ያልቅበታል፤ አከራዩም አንድ ማለዳ ቁልፍ ቀይሮ ይጠብቀዋል፡፡ ቢቸና ላይ ውስጥ የቀረው የጤፍ ጆንያና ሚዛን፣ ሞጣ ላይ ደግሞ ጣቃ ጨርቅና የልብስ ስፌት መኪና ሊሆን ይችላል፡፡ «ዕቃህ ለኪራዬ ቀርቷል» ይባላል፡፡ እንዲህ ማለት ይቻላል ወይ?

አይቻልም፡፡ ሱቁን የመልቀቅ ግዴታና የዕቃው ባለቤትነት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1206 ባለቤት የሆነ ሰው ንብረቱን ያለ አግባብ ከያዘበት ከማንም ሰው ላይ እንዲፋለም ይፈቅድለታል፡፡ በቁጥር 1149 ደግሞ ይዞታው የተወሰደበት ሰው እንዲመለስለትና ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል፡፡ ፍርድ ቤት የሚለምደው ስሙ «ሁከት ይወገድልኝ» ነው፡፡ አከራዩ ዕቃውን ለመያዝ የሚያበቃው መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ በቀር ፍርድ ቤቱ እንዲመልስ ያዝዘዋል፡፡

አንዳንድ አከራይ ውል አውጥቶ «ካልከፈልሁ ዕቃዬን ውሰድ ብሎ ፈርሟል» ይላል፡፡ ፊርማው አያድነውም፡፡ ዕቃው መያዣ ነው ቢባል እንኳ መያዣ ማለት ባለቤትነት ማለት አይደለም፡፡ በቁጥር 2851 መሠረት ባለዕዳው በቀኑ ባይከፍል ባለገንዘቡ የሕጉን ሥርዓት ሳይጠብቅ መያዣውን የራሱ እንዲያደርግ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት ዋጋ አልነበረውም፡፡ ባንኮች በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 97 የተለየ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል፤ የሱቅ አከራይ ግን ባንክ አይደለም፡፡

ይህ ማለት ኪራዩ ይቅር ማለት አይደለም፡፡ አከራይ ለውዝፉ መክሰስ፣ ማስፈረድና በአፈጻጸም ዕቃ ማስከበር ይችላል፡፡ ያን ጊዜም ገደብ አለ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 404 ባለዕዳው ለኑሮው የግድ የሚያስፈልገውን የሙያ መሣሪያ ከመከበር ያድንለታል፡፡ የሞጣው ልብስ ሰፊ መኪናውን በዚህ ሊከላከል ይችላል፡፡ እንግሊዞች እንኳ አከራይ ፍርድ ቤት ሳይሄድ የተከራይን ዕቃ ይዞ እንዲሸጥ የሚፈቅደውን የቆየ ልማዳቸውን እ.ኤ.አ. በ2014 ሽረው፣ ለንግድ ቤት ማስጠንቀቂያና ፈቃድ ያለው አስፈጻሚ በሚጠይቅ ሥርዓት ተክተውታል፡፡

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ያድነኛል ብሎ የሚጠብቅ ነጋዴ ካለ ይሳሳታል፤ አዋጁ የመኖሪያ ቤትን እንጂ የንግድ ቤትን አይመለከትም፡፡ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች በአንዱ፣ በቀበሌ ሱቅ የሚነግድም ቢሆን ሱቁ የመንግሥት ነው፤ ሸቀጡ ግን የራሱ ነው፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? ነጋዴው ቁልፍ አይስበር፤ ባለመብት ሆኖ ሳለ ተከሳሽ ይሆናል፡፡ የዕቃውን ዝርዝር ከነደረሰኙ ያዘጋጅ፣ ለአከራዩ በጽሑፍ ቀን ቆርጦ ይጠይቅ፣ እምቢ ካለ በወረዳው ፍርድ ቤት ይክሰስ፤ ዕቃው እንዳይሸጥም ዕግድ ይጠይቅ፡፡ የእነማይ ነዋሪ ቢቸና፣ የሁለት እጁ እነሴ ነዋሪ ሞጣ ላይ ይጀምራል፤ ይግባኙ ደብረ ማርቆስ ነው፡፡ አከራዩም ብልህ ከሆነ ሱቁን ብቻውን አይክፈት፤ በሽማግሌዎች ፊት አስቆጥሮ፣ ቃለ ጉባኤ አስፈርሞ ያስረክብ፡፡ ኋላ «ሃያ ጆንያ ነበረኝ» ሲባል የሚያድነው ያ ወረቀት ነው፡፡

አንድ ነገር ላሳስብ፡፡ የሁከት ክስ በ2 ዓመት ይታገዳል፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ሱቁን ዘግቶ የሄደ ነጋዴ ዕቃውን ጥሎ ሄደ አይባልም፤ ቀኑ ግን ይቆጠራል፡፡ ስለዚህ ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱም አይዘግይ፡፡