ከጋፋት እስከ ኪቦርድ

ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት የምትታወሰው በሴባስቶፖል መድፍ ነው። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የውጭ ሚሲዮናውያንን አስገድደው መድፍ አሠሩ። የባዕድ ዕውቀት ለእኛ ፍላጎት ይታዘዝ ማለታቸው ነበር። በጽሕፈት መሣሪያ ግን የሆነው ተገላቢጦሹ ነው።

ከ200 በላይ ፊደል በታይፕራይተር ቁልፎች አይበቃም። ስለዚህ ኢንጂነር አያና ብሩ የእንግሊዝኛውን መሣሪያ ለአማርኛ ሲያበጁ ፊደሉን ከፋፍለው ገጣጠሙት። ትልቅ ሥራ ነበር። ኋላ ግን ፊደሉ ራሱ ይቀነስ የሚል ክርክር ተነሣ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ፊደሉ ሳይቀነስ ኮምፒውተር ላይ ቦታ አገኘ፤ ድካሙ ግን ከጣታችን አልወረደም። በላቲን ቁልፎች «ሰላም» ለማለት ዛሬም ሦስቱን ፊደል በአምስት ምት እንጽፋለን።

ስለዚህ ኪቦርድ ስትገዙ በጌም መብራቱ አትታለሉ። ቁልፉ ለስላሳ፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ የእጅ አንጓን የማያጣምም ይሁን። ለፕሮግራመሩም፣ ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ስትተይብ ለምትውለው የደብረ ታቦር እህታችንም ልኩ ይኸው ነው።

ምቹ ፕላስቲክ ግን ግማሽ መፍትሔ ነው። ከመነሻው ለአማርኛ ተብሎ በታሰበ አንድ የቁልፍ አቀማመጥ እስክንስማማ ድረስ ለመሣሪያው የምንታዘዘው እኛው ነን።