ቃልና ድርጊት፦ የፕሮፌሰር ፍራንክሊን ሄይማን ጥናትና የስኮኪ ፈተና

ክፉ ቃል ሲነገር ሕግ ዝም ሊል ይገባዋልን? ወይስ የተናጋሪውን አፍ መዝጋት አለበት? ለዚህ ጥያቄ የሥራ ዘመናቸውን ከሰጡት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው የንግግርና የመገናኛ ጥናት ምሁር ፕሮፌሰር ፍራንክሊን ሄይማን ናቸው። ሄይማን ከ1948 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፣ በኢቫንስተን በሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረትም አመራር ውስጥ ለረጅም ዓመታት አገለገሉ።

ሥራቸውን ሲጀምሩ ሕጉ ገና አልጠራም ነበር። በ1952 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዘርን ወይም ሃይማኖትን የሚያዋርድ ጽሑፍ የሚያሠራጭን ሰው የሚቀጣውን የኢሊኖይ ሕግ በ5 ለ4 ድምፅ አጸናው። በ1969 ግን ያው ፍርድ ቤት፣ ቃል የሚያስቀጣው ሕገ ወጥ ድርጊትን ወዲያውኑ ለማስነሣት ታስቦ ሲነገርና ይህንንም ማድረስ የሚችል ሲሆን ብቻ ነው ሲል ወሰነ።

ፈተናው የመጣው ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ነበር። ከኢቫንስተን ጋር በምትዋሰነው ስኮኪ ከሚኖሩት 70,000 ያህል ሰዎች 40,000 ያህሉ አይሁድ ሲሆኑ፣ በሺህ የሚቆጠሩት ከናዚዎች እልቂት የተረፉ ነበሩ። በ1977 አንድ አነስተኛ የናዚ ቡድን ስዋስቲካ ይዞ በዚያ ሊሰለፍ ተነሣ። የከተማው አስተዳደር የ350,000 ዶላር የመድን ዋስትና የሚጠይቅና የጥላቻ ጽሑፍ መበተንን የሚከለክል ደንብ አወጣ። የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት ግን ለቡድኑ ጠበቃ በመቆሙ በሺህ የሚቆጠሩ አባላቱ ጥለውት ወጡ። በ1978 ደንቡ በፍርድ ቤት ተሻረ፤ ሰልፉ ግን በስኮኪ ሳይደረግ ቀረ፤ ቡድኑም ወደ ቺካጎ ዞረ።

ሄይማን በ1981 ባሳተሙት «ንግግርና ሕግ በነጻ ኅብረተሰብ» በተሰኘው መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ በተናጋሪው ቃልና በሰሚው ድርጊት መካከል የሰሚው አእምሮ አለ። ሰሚው ካልተገደደ፣ ካልተታለለ ወይም የማሰብ ችሎታው ካልተሰናከለ በቀር ለሚፈጽመው ድርጊት ተጠያቂው ራሱ ነው። ስለዚህ የክፉ ቃል መድኃኒቱ ሌላ ቃል እንጂ እስራት አይደለም። እንደ ሪቻርድ ዴልጋዶና ማሪ ማትሱዳ ያሉ የሕግ ምሁራን በበኩላቸው፣ ቃል ራሱ እንደሚያቆስልና የዚህን ነጻነት ዋጋ የሚከፍለው ተሰዳቢው ብቻ እንደሆነ በማመልከት ይህን አቋም ተቃወሙ።

ከስኮኪ የተገኘው መልስ ግን የሚያስደንቅ ነው። ብዙ ዘመን መከራቸውን በልባቸው ይዘው የኖሩት ተራፊዎች መናገር ጀመሩ፤ በ1981 የመታሰቢያ ድርጅት አቋቋሙ። በ1990 ኢሊኖይ የእልቂቱን ታሪክ በትምህርት ቤቶች በግዴታ እንዲሰጥ በመደንገግ ከክፍለ ግዛቶቹ ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። በ2009ም በዚያችው በስኮኪ ቤተ መዘክር ተከፈተ።

ይሁን እንጂ ቃልን በቃል ለመመለስ፣ መናገር የሚችል ተጎጂና የሚሰማው ጎረቤት ያስፈልጋል። ይህ በሁሉም አገር አይገኝም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግርን ወንጀል አድርጋ ስትደነግግ የመረጠችው ሌላውን መንገድ ነው። ቢሆንም የሄይማን ጥያቄ በዚህም መንገድ ላይ ይጠብቃል፤ ቃልን የሚቀጣ ሕግ፣ የሰሚውን ጥፋት በተናጋሪው ላይ የሚጭነው ስለ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ሊያስረዳ ይገባዋልና።